ፀሐይ፣ ምጣድና ጀሪካን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። መብራት ሲጠፋ ቬንቲሌተር፣ ቴሌቪዥን፣ ስድስት አምፖልና የእንጀራ ምጣድ የሚሸከም ሶላር ለማስገባት ሁለት ሻጭ ጠየቅኩ። አንዱ ሁለት ፓኔል ይበቃል አለኝ፣ ሌላው አሥርም አይበቃ አለኝ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለተኛው ምጣዱን ቆጥሯል፣ የመጀመሪያው ትቶታል። እርስዎም ይተዉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚሠራ አንድ ዕቃ ሲባል ኢንቨርተሩንም (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረውን መሣሪያ) ባትሪውንም ብዙ እጥፍ ማሳደግ ገንዘብ መድፋት ነው። ምጣዱ በመብራት ኃይል መስመር ይቆይ፤ ሶላሩ የቀረውን ይያዝ።

የቀረው ይህን ያህል ነው። ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 270 ዋት ሰዓት፣ ባለ 60 ዋት ቬንቲሌተር ለ10 ሰዓት 600፣ ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን ለ5 ሰዓት 400፣ ለስልክ 50፤ ድምሩ 1320። በሽቦ፣ በኢንቨርተርና በሙቀት ለሚባክነው ለ0.7 ያካፍሉት፤ ወደ 1890 ይጠጋል። ለድሬዳዋ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብሎ ማስላት ቁጥብነት እንጂ ማጋነን አይደለም። 1890 ለ5 ሲካፈል 378 ዋት ይመጣል፤ ሁለት ባለ 200 ዋት ፓኔል ማለት ነው።

ድሬ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሙቀቱ ነው። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። ከ25 ዲግሪ በላይ በየአንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ በግንቦት እኩለ ቀን ቆርቆሮ ላይ ተጣብቆ 65 ዲግሪ የደረሰ ፓኔል 16 በመቶውን ጥሏል። ስለዚህ ከቆርቆሮው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ነፋስ ከሥሩ ይለፍ። ፊቱ ወደ ደቡብ ሆኖ 10 ዲግሪ ብቻ ይዘንብል። ርዝመቱ 1.5 ሜትር ከሆነ የሰሜኑ ጫፍ ከደቡቡ በ26 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ በላይ አያቁሙት፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን ነው የምታልፈው።

የኒም ጥላ ለሰው በረከት ነው፣ ለፓኔል ግን ጠላት። ሴሎቹ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸውና ቅርንጫፍ አንዱን ጥግ ብቻ ቢሸፍን ሌሎቹም አብረው ይደክማሉ። አቧራውን በሳምንት አንዴ፣ ማለዳ ፓኔሉ ሳይግል ይጠቡት። ውሃው ራሱ ደርቆ እንዲቀር አይተዉት፤ የከተማዋ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ነጭ ነጠብጣብ ይጋግራል። በጨርቅ ያድርቁት።

ባትሪው የሚሞተው ደግሞ ከሁሉ በፊት ነው። ለማታ 1000 ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልግዎታል፤ ሊትየም ከሆነ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት፣ ሊድ አሲድ ከሆነ ግማሹን ብቻ መጠቀም ስለሚገባ 200። የሊድ አሲድ ዕድሜ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ያህል ያጥራል። ኮርኒስ ላይ ወይም ምዕራብ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ባትሪ ዋስትናው ሳያልቅ ቢያልቅ አይግረምዎት። ከቤቱ ቀዝቃዛ በሆነው ክፍል፣ በታች፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ በወር አንዴ ከፍተው ይዩ። ውሃው ከሳህኖቹ በላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መቆም አለበት። ከጎደለ የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ የጨመሩ ሰዎች ማንቆርቆሪያቸው ውስጥ የሚጋገረውን ያንኑ ቅርፊት ወደ ባትሪው እያስገቡ ነው።

ጥያቄ፦ የምጣዳችን ስፒና በዓመት ሦስቴ ተቃጠለ። ሶኬቱም ጠቁሯል። ምጣዱ ተበላሽቶ ነው? (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ ምናልባት ምጣዱ ደኅና ነው። 3800 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 17 አምፔር ያልፋል፤ የተለመደው ሶኬትና ስፒና የሚችለው 16 ነው። ለሁለት ሰዓት ሲጋገር ውስጡ ያለው ምላስ ይግላል፣ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ሌላ ስፒና መግዛት መፍትሔ አይሆንም። ከማከፋፈያው ለብቻው የወጣ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከርና የመሬት መስመር በባለሙያ ያስገቡለት።

አንድ ነገር ግን ይመርምሩ። ሬዚስታንሱ (ምጣዱን የሚያግለው ጥምዝምዝ ሽቦ) ተበጥሶ ጫፍና ጫፉ ተጠምዝዞ ታስሮ ያውቃል? በየጊዜው ሲቀጠል ያጥራል፤ ያጠረ ሬዚስታንስ ደግሞ ከተጻፈለት በላይ ይስባል። ከሁለት ጊዜ በላይ ከተቀጠለ በአዲስ ይተካ።

ሂሳቡንም ለመቀነስ፦ ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል እንጀራ ሳይጋገር ሄዷል። በሳምንት ሦስቴ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ሊጡን አጠራቅሞ አንዴ መጨረስ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተከታትሎ በጋለ ምጣድ መጋገር ይሻላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ መብራቱን አጥፍተው በቀረው ግለት ያውጡ። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር በየእርከኑ ስለሚወደድ ፍጆታዎ ሲቀንስ ከውዱ እርከን ወደ ርካሹ ይጠጋል።

ጥያቄ፦ ሐረር ላይ «ውሃ ቆጥቡ፣ መብራት ይቆጠባል» ሲባል እሰማለሁ። ውሃና መብራት ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀበት ጊዜ ወዲህ ሐረር ከምትጠጣው አንዱ ከድሬዳዋ በኩል ከቆላው ጉድጓድ ተስቦ፣ ተራራውን ወጥቶ የሚመጣ ውሃ ነው። ሽቅብ የሚወጣው 1000 ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ሜትር ለማንሳት በፊዚክስ ሕግ ብቻ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ ፓምፑና ሞተሩ የሚያባክኑት ሲጨመር ከ4 ያልፋል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ባለ 9 ዋት አምፖል ዘጠኝ ሰዓት ያህል ማብራት ነው።

ትልቁ ብክነት በፈረቃ ከሚመጣው ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ሌሊት ይመጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ቤተሰቡ ተኝቷል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያወርድ ቧንቧ ሁለት ሰዓት ከፈሰሰ 1200 ሊትር ነው፤ ወደ ላይ ለማምጣት የወጣው ጉልበት ምጣድ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ ይግጠሙ። ሞልቶም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጎማው ላይ ደለል ወይም ቅርፊት ተቀምጧል፤ ፈትተው ያጽዱት፣ ጎማውን ይገልብጡት ወይም ይቀይሩት። የሽንት ቤቱን ታንከር ለመፈተን ጥቂት የከርከዴ ሻይ ጨምሩበትና ውሃ ሳይለቀቅ 20 ደቂቃ ይቆይ። ሳህኑ ውስጥ ቀለም ከታየ የሥረኛው ጎማ ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ወጣቶች በደቻቱ ወንዝ ዳር 500 ችግኝ ልንተክል ነው። ጎርፉን ያቆመዋል? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ዳሩን ያጠላል፣ አፈሩን በመጠኑ ይይዛል፤ ጎርፉን አያቆምም። በሐምሌ 1998 ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ ጉልበቱን ያገኘው በስተ ደቡብ ካለው ከፍታ ነው። እዚያ ያልተያዘ ውሃ ከተማ ከገባ በኋላ በችግኝ አይያዝም። ከጉልበታችሁ ግማሹን ከላይኞቹ ገበሬዎች ጋር በእርከንና በክትር ላይ ብታውሉት የተሻለ ነው።

የድንጋይ ክትር የሚፈርሰው በአብዛኛው መሃሉ ሳይሆን በጎንና በጎን ነው፤ ውሃው ጫፉን ዞሮ ይበላዋል። ሁለቱም ጫፎች ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ዳርቻው ተቆፍረው ይግቡ፣ መሃሉ ከጫፎቹ ዝቅ ይበል፣ ውሃው የሚወድቅበት ሥፍራ በትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ አራርቁ።

ለምትተክሉት ደግሞ ጉድጓዱ በሁሉም ጎን 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የላይኛው አፈር ለብቻው ይቀመጥና መጀመሪያ ይመለስ። አሸዋው መሃል አትትከሉ። ከድርቁ ይልቅ ፍየል ነው የሚጨርሰው፤ አጥር ከሌለ 500 ከመትከል አጥሮ 100 መትከል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፕሮሶፒስ ከሚባለው ወራሪ እሾሃማ ዛፍ ከሰል ማክሰል ዛፉን ለማጥፋት ይረዳል?

መልስ፦ ከመሬት በላይ ብቻ ከተቆረጠ ያበዛዋል፤ ከአንድ ጉቶ ብዙ ግንድ ያወጣል። ጉቶው ከመሬት በታች 30 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ካልወጣ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ፍሬውን ለከብት የምትሰጡ ከሆነ ፍሬው ሳይፈጭ አይሰጥ፤ ከእበቱ ጋር ወጥቶ በየመንገዱ ይበቅላል።