ማዘርቦርድ ከመግዛትሽ በፊት ይህን ሞክሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ዴስክቶፕ ኮምፒውተርሽ ሥራ ላይ እያለሽ ድርግም ይላል፣ ወይም ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን ያሳይሻል። ማታ ማታ ይብሳል ብለሻል። ፎርማት አስደርገሽም ለውጥ የለም። አሁን «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» ተብለሻል፤ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ማለት ነው። እባክሽ ገንዘብሽን ለጊዜው ያዢ። ባሕር ዳር ውስጥ የጓደኛና የጎረቤት ኮምፒውተር ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት አልፏል። «ማዘርቦርድ ነው» ተብሎ በመጨረሻ ሌላ ነገር የተገኘበት ብዙ አይቻለሁ።

ከሁሉም በፊት ፋይሎችሽን ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ቅጂ። ዛሬውኑ። ማሽን ይጠገናል፣ የጠፋ ሥራ ግን አይመለስም።

ቀጥሎ አንድ ደብተር ከጎኑ አስቀምጪ። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምን ከፍተሽ እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ምን በርቶ እንደነበር ጻፊ። ብዙ ሰው ይህን ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ዓባይ ማዶ ያሉ አንዲት እናት ኮምፒውተራቸው «ሲፈልገው ይጠፋል» ብለው ጠሩኝ። ለጥቂት ቀን ሰዓቱን እንዲጽፉ ለመንኳቸው። ለካስ የሚጠፋው እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብቻ ነው! የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲታሰብ ወደ 16 አምፔር ነው። ኮምፒውተሩና ምጣዱ አንድ መስመር ላይ ነበሩ፣ የሶኬቱም ሽቦ ላልቶ ነበር። ምጣዱ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩ አይችለውም። ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ሽቦውን አጠበቀ፣ ምጣዱንም ለብቻው መስመር ሰጠው። በዚያው አበቃ። የግድግዳ ሶኬትና ቆጣሪ ግን ራስሽ አትንኪ፤ ባለሙያ ጥሪ።

አሁን የአንቺን ነገር እንየው። ድርግም ብሎ መጥፋት፣ ሰማያዊ ስክሪንና ስታክ አድርጎ (ባለበት ደርቆ) መቅረት አንድ ዓይነት በሽታ አይደሉም። ድርግም ካለ መጀመሪያ ኃይልና ሙቀት ጠርጥሪ። ሰማያዊ ስክሪን ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ስህተት አይቶ ቆሟል ማለት ነው፤ ያኔ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ ዲስክና ድራይቨር (ዕቃዎቹን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ይጠረጠራሉ። ስታክ ካደረገ ደግሞ ዲስኩን ቀድሜ አያለሁ፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም «ካውሽን» (ጥንቃቄ) ካለሽ ዲስኩን አትመኚው።

ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ከፍተሽ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ ምልክት ካየሽ አትደንግጪ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን) ይገዛል። መልእክቱ የሚለው «ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፍቷል» ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ዝርዝሩ ውስጥ «በግቼክኮድ» (የሰማያዊው ስክሪን የስህተት ቁጥር) የሚል መስመር አለ። ዜሮ ከሆነ የተመዘገበ ሰማያዊ ስክሪን የለም፤ ስለዚህ ወደ ኃይል ወይም ወደ ስታክ ያመራሻል። ቁጥር ካለው ቁጥሩን ጻፊው።

«መብራት ሳይጠፋ ይጠፋል፣ ዩፒኤሱም ቀጭ ይላል» ያልሽው ነው ይበልጥ የሳበኝ። ዩፒኤስ መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን ነው። ማታ ሁሉም ቤት ምድጃና መብራት ሲያበራ ቮልቴጅ ይወርዳል። ዩፒኤሱ ይህን ሲያይ ቀጭ ብሎ ወደ ባትሪው ይዞራል። ባትሪው ካረጀ ሸክሙን አይችልም፣ ኮምፒውተሩ እዚያው ይጠፋል። አምፖሉ ግን እንደበራ ነው። የዩፒኤስ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ሙቀት ባለበት ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ዩፒኤሱን ዝለዪው፤ ኮምፒውተሩን በጥሩ ስታቢላይዘር በኩል ስኪ። ችግሩ ከቀረ የሚቀየረው የዩፒኤስ ባትሪ ነው እንጂ ማዘርቦርድ አይደለም።

ካልቀረ ፓወር ሰፕላዩን እዪ። ላዩ ላይ 500 ዋት ተጽፎ ግማሹን በቅጡ የማይሰጥ ርካሽ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል። ከጓደኛ ደህና የሆነ ተውሰሽ ለጥቂት ቀን ሞክሪ። የራስሽን ፓወር ሰፕላይ ግን አትፍቺ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ስትከፍቺ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ክብ ካፓሲተሮች ተመልከቺ። ጭንቅላታቸው ያበጠ ወይም የፈሰሰ ካለ «ማዘርቦርድ ነው» ያለሽ ሰው እውነት አለው።

ሙቀትን አትርሺ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከቆላው ስስ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ የመጋቢትና የሚያዝያ ወበቅ አለ። ሐይቁ ዳር ደግሞ ማታ መብራት አይተው የሚገቡ ትናንሽ ነፍሳት አሉ፤ ከአቧራው ጋር ተጣብቀው የፋኑንና የሂትሲንኩን (ሙቀት የሚያወጣውን ብረት) ቀዳዳ ሲደፍኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ንቀዪው፣ በረንዳ አውጪው፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትሽ ይዘሽ በብሎወር ንፊው፣ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ። ሲፒዩው (ዋናው ቺፕ) ሥራ ሲበዛበት 95 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወጣ በእሱና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ይቀየር። ቀላል መፈተኛም አለ። ክዳኑን ከፍተሽ የቤት ፋን አዙሪበት። መጥፋቱ ከቀነሰ ጉዳዩ ሙቀት ነው።

ለሰማያዊው ስክሪን ራሙን እጠረጥራለሁ። ፎርማት ተደርጎም ከቀጠለ የሶፍትዌር ዕድሉ ጠባብ ነው። ኮምፒውተሩን ነቅለሽ ራሙን አውጪ፣ ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ አሺው፣ ፍርፋሪውን አራግፊ፣ ቀጭ እስኪል መልሰሽ ስኪ። በክረምት እርጥበት ይህ ብቻውን የፈታው ብዙ ነው። ሁለት ራም ካለሽ አንዱን ብቻ አድርገሽ ጥቂት ቀን ሥሪ፣ ከዚያ በሌላው ለውጪ። ሌሊት ደግሞ ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት 86 ፕላስን በፍላሽ አስነስተሽ እስኪነጋ ተዪው። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ ያ ራም አይታመንም። ፍላሹን ማዘጋጀት ካስቸገረሽ ዊንዶውስ ውስጥ «ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ» ብለሽ ፈልጊ፤ እንደ ሜምቴስቱ ጠንካራ ባይሆንም ያግዛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀያይሪ። ዩፒኤሱን ዘልለሽ፣ ራም አሽተሽ፣ ፋን ጠርገሽ ቢስተካከል የትኛው እንደሠራ አናውቅም፤ ከወር በኋላ ሲመለስም እንደ አዲስ እንጀምራለን። እኔ ብሆን በዩፒኤሱ እጀምራለሁ፣ ስታቢላይዘር ካለሽ ወጪም የለውም። ከዚያ ጽዳት፣ ከዚያ ራም፣ ከዚያ የተዋስሽው ፓወር ሰፕላይ። ማዘርቦርድ መጨረሻ ላይ ነው።

ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ ታች ያለውን «ስቶፕ ኮድ» በስልክሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልን። የደብተርሽንም ገጽ ጨምሪበት። ፓወር ሰፕላይ የሚያውስሽ ካጣሽ ጻፊልኝ፣ እኔ ጋ ለመሞከሪያ የማስቀምጠው አለ።