የሕንፃ ውስጥ ኔትወርክ፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጅማ ላይ ፎቅ እየበዛ ነው። ኔትወርኩ ግን ብዙ ጊዜ በር ላይ ይቀራል። ሥራዬ የሕንፃ ውስጥ ኔትወርክ ዲዛይን ስለሆነ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ እነሆ።

ኢንጂነር፣ ሂርማታ አካባቢ ፔንሲዮን አለኝ። በረንዳ ላይ ስልኩ ሙሉ ነው፣ ክፍል ስገባ ይጠፋል። ግድግዳው ነው?

ግድግዳውም የራሱን ይወስዳል። እኔ ግን ቀድሜ የምጠረጥረው መስታወቱን ነው። ፀሐይ የሚመልሰው አንጸባራቂ መስታወት ብዙ ጊዜ ስስ የብረት ቅብ አለው። ከሲግናሉ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ሊበላ ይችላል፤ ዴሲቤል ሲግናል ምን ያህል እንደተዳከመ የምንለካበት ነው። 10 ዴሲቤል ጠፋ ማለት የቀረው አንድ አስረኛ ነው፤ 20 ሲሆን መቶኛ፣ 30 ሲሆን ሺኛ። ፌሮ የሌለው የብሎኬት ግድግዳ ከዚህ በጣም ይሻላል።

ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ስልኩ ላይ ያሉትን መስመሮች አይመኑ፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚስላቸው። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ሲም ካርዱ ሁኔታ የሚገልጸውን ገጽ ይክፈቱ። በዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) የተጻፈ ከዜሮ በታች ቁጥር ያገኛሉ። በፎር ጂ -85 ጥሩ ነው፤ -110 አካባቢ ሲደርስ መቆራረጥ ይመጣል። መስኮቱን ከፍተው አንዴ፣ ዘግተው አንዴ ያንብቡ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ።

ታዲያ ቡስተር (የሲግናል ማጉያ) ገዝቼ ብሰቅልስ?

እባክዎ ይተዉት። ቡስተር ከታወሩ የሚመጣውን ብቻ አያጎላም፤ ከስልክዎ ወደ ታወሩ የሚሄደውንም ያጎላል፣ ከነጫጫታው። ያ ጫጫታ የሰፈሩን ሁሉ ጥሪ ሊያበላሽ ይችላል። የውጭውና የውስጡ አንቴና ከተቀራረቡ ደግሞ ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲመጣ እንደሚጮኸው ዓይነት ይፈጠራል። ጎረቤትዎ ሐኪም መጥራት ሲያቅተው ምክንያቱ የእርስዎ ጣሪያ መሆኑን ማንም አያውቅም። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ፍሪኩዌንሲው ለኦፕሬተሮች የተፈቀደ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የለኩትን ቁጥር ይዘው ለኦፕሬተሩ በጽሑፍ ያመልክቱ። ቁጥር ያለው ማመልከቻ ክብደት አለው።

ዶርም ውስጥ ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ማታ ማታ ግን ኢንተርኔቱ አይንቀሳቀስም። ለምን?

የእናንተ ችግር ሽፋን አይደለም፣ አቅም ነው። አንድ ሴል፣ ማለትም አንድ የታወር አንቴና የሚሸፍነው ክልል፣ ያለውን ፍጥነት ለሁሉም ያካፍላል፤ ማታ ሁሉም አልጋው ላይ ቪዲዮ ይከፍታል። አንቴና መጨመር ብቻውን አይፈታውም። የራሱ ፋይበር ያለው ትንሽ ሴል ሕንፃው ውስጥ መግባት አለበት፣ ወይም ጠንካራ ዋይፋይ።

ክሊኒካችን ውስጥ ራጅ ክፍል ስገባ ስልኬ ይሞታል።

ሲስተር፣ ግድግዳው ውስጥ ለጨረር መከላከያ የገባ የእርሳስ ብረት ይኖራል። እሱን መንካት የለም። ለጥሪ የሽቦ ስልክ ያስገቡ።

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ሲግናል ሞልቷል፤ ጥሪው ግን ይቋረጣል።

ከፍታ ላይ ስልክ ብዙ ታወር ያያል። ከቅርቡም፣ ከጅሬን በኩልም፣ ከሩቁም ይመጣል፤ አንዱም ግን ጎልቶ አይወጣም። ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ጥሪው ይወድቃል። መፍትሔው ከውጭው በግልጽ የሚበልጥ የውስጥ ሲግናል ነው፤ ወደ መንገዱ እስኪፈስ ድረስ ግን አይደለም።

ወንድም፣ ፎርማን ነኝ። ጂ+5 ሕንፃ ጀምረናል፤ ሶሌታ ሳንሞላ ምን ላስቀር?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚጠራኝ ብዙ ነው፤ ያኔ ኮርኒስ እናፈርሳለን፣ አርማታ እንበሳለን።

ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሻፍት ተው። ከሻፍቱ ወደ እያንዳንዱ ኮሪደር ሰፋ ያለ ቱቦ አስገባ። የአንቴና ኬብል ወፍራም ነው፣ በሹል ማዕዘን አይታጠፍም፤ የመብራት ቱቦ አይበቃውም። ርዝመቱንም አሳጥር፤ ግማሽ ኢንች የሚባለው ኬብል በ1800 ሜጋኸርዝ 100 ሜትር ላይ 10 ዴሲቤል ገደማ ይበላል።

የሕንፃ ውስጥ ኔትወርክ አሠራሩ እንዲህ ነው። የሲግናሉ ምንጭ ታች ይቀመጣል፤ ኬብሉ ወደ ላይ ይወጣል። በየፎቁ ከፕለር የሚባል ዕቃ ትንሽ ቆንጥሮ ለዚያ ፎቅ ይሰጥና ዋናውን ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ እኩል የሚከፍለው ስፕሊተር ይገባል። በየፎቁ እኩል እየከፈልክ ብትወጣ ግን ላይኛው ፎቅ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው።

ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኦፕሬተሮቹ ሁለት ሆነዋል። ስለዚህ የመሣሪያ ክፍሉ ለኢትዮ ቴሌኮምም ለእሱም ቦታ ይኑረው፤ አንቴናና ኬብሉን መጋራት ይቻላል። ክፍሉ አየር ያግኝ፣ የጅማ ዝናብም አይድረስበት። የክፍሉን የመብራት መስመር ከጄኔሬተሩ ጋር አያይዘው፤ መብራት ሲጠፋ ሰው ስልክ የሚፈልገው ያኔ ነው። ፕላኑን ደግሞ አሁኑኑ ለሁለቱም ኦፕሬተሮች አሳይ፣ ሶሌታው ሳይሞላ።