የሶሌታው ውኃ፣ የበረንዳው ሮቶ እና ሌሎች የአርማታ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አርማታ ሕንፃ ናቸው። የሚያስገነባም የሚኖርበትም ጠይቋል።

«ቀበና አካባቢ ጂ+4 እያስገነባሁ ነው። ሁለተኛውን ሶሌታ (የፎቁን የአርማታ ወለል) ከሞላን አምስት ቀን ሆነን። ፎርማኑ የድጋፉ እንጨት ኪራይ በላን፣ እናንሳው ይላል። ልፍቀድ?»

አይፍቀዱ። የኮለን (የቋሚው ምሰሶ) እና የቢም (የአግድሙ ተሸካሚ) የጎን ሰሌዳ በአንድ ሁለት ቀን ቢነሳ ችግር የለውም፤ ክብደት አይሸከምም። ከሶሌታውና ከቢሙ ሥር የቆመው ድጋፍ ግን ሌላ ነው። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ በ7ኛው ቀን ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ቢይዝ ነው፣ ያውም በደንብ ከጠጣ። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ከኦፒሲው (ከመደበኛው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ይዘገያል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድም ያዘገየዋል። የሶሌታው ድጋፍ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ የቢሙ ሦስት ሳምንት ይቁም። ትክክለኛውን ቀን ከሙሌቱ የተወሰደውን የኪዩብ ናሙና የላብራቶሪ ውጤት አይቶ መሐንዲስዎ በጽሑፍ ይስጥዎ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ውኃ አንድም ቃል አለመኖሩ ነው። አርማታ ስለደረቀ አይጠነክርም፤ የሚያጠነክረው የሲሚንቶውና የውኃው ውህደት ነው፣ ውኃው ቀድሞ ከተነነ ውህደቱ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ቢያንስ 7 ቀን፣ በፒፒሲ ከተሞላ ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ መድረቅ የለበትም። ጠዋት አንዴ በባልዲ ረጭቶ መሄድ አይበቃም። እኩለ ቀን ላይ ይውጡና ሶሌታውን በእጅዎ ይንኩት፤ ነጥቶ አቧራ ካስያዘዎት ተጠምቷል። እርጥብ ጆንያ ያልብሱት፣ ወይም ዳር ዳሩን በአሸዋ ከትረው ውኃ ያቁሩበት። ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ በርሜሎቹ ከሙሌቱ በፊት ይሙሉ፤ ለእሑድም አጠጪ ይመድቡ፣ ቅዳሜ የተሞላ ሶሌታ እሑድ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ፀሐይ ይመታዋልና። በሙሌቱ ሰዓት ግን ድብልቁ እንዲቀጥንላቸው ውኃ ሲጨምሩበት ካዩ ያስቁሙ። ያ ውኃ አርማታውን ያደክመዋል።

«ሰንጋ ተራ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ውኃ ስለሚጠፋብን በረንዳዬ ላይ የ2,000 ሊትር ሮቶ ባስቀምጥ ይችላል?»

አይችልም። ሲሞላ 2 ቶን፣ ማለትም 20 ኩንታል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከ1 ቶን በላይ ያሳርፋል። የመኖሪያ በረንዳ የሚታሰበው በካሬ ሜትር ለጥቂት መቶ ኪሎ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ተይዞ የወጣ በረንዳ ዋናው ፌሮው ከላይኛው ፊቱ አጠገብ ነው፤ በሙሌት ጊዜ ተረግጦ ወርዶ እንደሆነ ከውጭ ማንም አያውቅም። ከጎረቤቶችዎ ጋር ተነጋግራችሁ ምድር ላይ የጋራ ታንከርና ፓምፕ አቁሙ።

«ልደታ ኮንዶሚኒየም፤ በኩሽናና በሳሎን መካከል ያለውን ግድግዳ ላፍርስ?»

እንደ ልደታው ባለ ሕንፃ ክብደቱን የሚሸከሙት ኮለኑና ቢሙ ናቸው፤ ብሎኬቱ መሃሉን የሞላ ነው። ስለዚህ የብሎኬት ግድግዳ ሊፈርስ ይችላል፣ ግን ውስጡ ያለፈው ሽቦና ቧንቧ ታይቶ፣ የሕንፃው ማኅበርና የክፍለ ከተማው ግንባታ ፈቃድ ክፍል አውቀውት። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሕንፃው ዋና አካል የሁሉም የቤት ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው። ኮለኑን ለሶኬት ብለው እንኳ አያስቦርቡሩ። ይህን የሚያነቡ፣ በአልሙኒየም ፎርምወርክ (አርማታ በሚሞላበት የብረት ቅርጽ) በተሠሩ አዳዲስ ሕንፃዎች የምትኖሩ ደግሞ ልብ በሉ፦ የእናንተ ግድግዳ ራሱ ፌሮ ያለበት አርማታና ሕንፃውን የተሸከመ ነው። እሱ አይነካም።

«ካዛንቺስ ተከራይ ነኝ። በታኅሣሥ 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ ከነበረ ወዲህ ግድግዳችን ተሰንጥቋል። ልውጣ?»

ስንጥቁ ብሎኬቱ ከቢሙ ወይም ከኮለኑ በሚገናኝበት መስመር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ዕቃዎች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ የሚመጣ ነው። ጫፍ ጫፉን በእርሳስ ያስምሩና ቀኑን ይጻፉበት፤ በየወሩ ይዩት። ቢም ላይ፣ በተለይ ኮለኑ አጠገብ፣ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ኮለኑ ተፈርፍሮ ፌሮው ከታየ ግን ወር አይጠብቁ፤ ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ መሐንዲስ ሳያየው እዚያ አይደሩ።

«ፒያሳ፤ የመታጠቢያ ቤታችን ጣሪያ ዝገት የበላው ፌሮ እያሳየ ይረግፋል። ባለቤቱ እናስለስነው ይላል።»

ልስኑም ይረግፋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይገፋዋል። መጀመሪያ የላይኛው ቤት ፍሳሽ ይዘጋ፤ ከዚያ የላላው አርማታ ተራግፎ፣ ፌሮው እስኪነጣ ተቦርሾ፣ የሳሳው ፌሮ አዲስ ተጨምሮበት በጥገና ሞርታር ይሸፈን። እስከዚያው ሥሩ ልጅ አይታጠብ።