የቆላ ዝንብን (ፄፄን) በፎቶ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጊቤ በረሃ በሬ ላይ የያዝነው ነው፤ ከላይ ነው ያነሳሁት። የቆላ ዝንብ ነው? ዝርያውስ?

መልስ፦ የቆላ ዝንብ ነው። ክንፎቹ እንደ ተዘጋ መቀስ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ከሆዱ ጫፍ ያልፋሉ። ክንፉ መሀል ደግሞ ጅማቶቹ መጥረቢያ የሚመስል ክፍል ሠርተዋል፤ ይህ ሌላ ዝንብ ላይ የለም፣ የወደቀ ክንፍ ብቻ ቢገኝም ይበቃል። ዝርያው ግን ከላይ በተነሳ ፎቶ አይወጣም፤ እግሩን ላክልኝ። የኋላ እግሩ ጫፍ አምስት አንጓ አለው። አምስቱም ከጠቆሩ ፉሲፔስ ወይም ታኪኖይደስ ነው፤ ታኪኖይደስ አነስ ይላል፣ የሆዱ ጥቁር ነጠብጣብም ጎልቶ ይታያል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ከጠቆሩ የፊትና የመሀል እግሮቹን እይ፦ ጫፋቸው ከጠቆረ ሞርሲታንስ፣ ከገረጣ ፓሊዲፔስ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አልኮል ውስጥ የከረመ እግር ይገረጣል፣ ፍላሽም ያነጣዋል፤ ሞርሲታንሱ ፓሊዲፔስ መስሎ ይቀርባል። መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ አልኮል!

ጥያቄ፦ ይህስ ምንድን ነው? (ፎቶው ብዥ ያለ)

መልስ፦ የት? ምን ላይ? ስንት ሚሊሜትር? ማስመሪያ አጠገቡ አድርገህ ድጋሚ አንሳ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን፣ የላም እግር ላይ። መውጊያው ወደ ፊት የወጣ ነው፣ ይነክሳል። የቆላ ዝንብ ደጋ ወጣ እንዴ?

መልስ፦ አልወጣም። ስቶሞክሲስ የሚባል ሌላ ደም መጣጭ ዝንብ ነው። መውጊያው ያሳስታል፤ ክንፎቹ ግን ሲያርፍ ግራና ቀኝ ተከፍተዋል፣ ሆዱም ነጠብጣብ አለው።

አንድ አባል፦ እኛ አገር ይሄንኑ ገንዲ ነው የምንለው።

ሌላ አባል፦ ገንዲ የቆላ ዝንብ ከብት ላይ የሚያስተላልፈው በሽታ ነው እንጂ ዝንቡ አይደለም።

አንድ አባል፦ እና የቆላ ዝንብ በሌለበት ጣና ዙሪያ ከብቱ የሚታመመው በምንድን ነው?

ሌላ አባል፦ ገንዲን ከሚያመጡት አንዱ፣ ቪቫክስ የሚባለው ጥገኛ (የወባው አይደለም)፣ በስቶሞክሲስና በፈረስ ዝንብ አፍም ይሻገራል።

መልስ፦ ልክ ነው፤ ግን በሽታው የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ወደ ፎቶው።

ጥያቄ፦ ክንፉ ዝንጉርጉር፣ ዓይኑ ትልልቅ?

መልስ፦ ሄማቶፖታ፣ የፈረስ ዝንብ ዓይነት። ዓይኖቿ ስላልተገናኙ ሴት ናት፤ የምትነክሰውም እሷ ብቻ ናት።

ጥያቄ፦ አልቆም አለኝ፣ እንዴት ላንሳው?

መልስ፦ በብልቃጥ አድርገህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፤ ይደነዝዛል። ነጭ ወረቀት ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍተህ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ የስድስቱም እግር ጫፍ። ስልኩ ካልቀረበልህ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ሌንሱ ላይ ደግፍ።

ጥያቄ፦ የማንጎ ዝንብስ?

መልስ፦ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ ከአርባ ምንጭ ነው፣ ከላይ አንስቼዋለሁ፤ ዝርያው ምንድን ነው?

መልስ፦ እግሩስ?