ስለ ባይፖድ ለጠየቃችሁኝ

የምኖረው ኮሎራዶ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ አደን እወጣለሁ፣ በበጋ ደግሞ የረጅም ርቀት ውድድር እተኩሳለሁ። ባይፖድ ማለት ከጠመንጃው ፊት ሥር የሚታሰረው ባለሁለት እግር መደገፊያ ነው። ሀገር ቤት ብሬን የሚባለውን መትረየስ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጥያቄዎቻችሁን በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ገዝቼ ለአደንም ለውድድርም ብጠቀምበትስ?

ይቻላል፣ ግን አንዱ ይጎዳብሃል። አደን ላይ ቀኑን ሙሉ ተራራ ስትወጣ እያንዳንዷ ግራም ትከሻህ ላይ ናት። ውድድር ላይ ግን ክብደት ይጠቅምሃል፣ ጠመንጃውን ያረጋጋዋል። አቅምህ ለአንድ ብቻ ከሆነ ለአደኑ የሚሆነውን ግዛ። ውድድር ላይ ብትስት የምታጣው ነጥብ ነው፣ አደን ላይ ግን እንስሳ ታቆስላለህ።

ጥያቄ፦ ቁመቱን እንዴት ልምረጥ?

ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ብራንድ መርጦ ሲጨርስ ነው ስለ ቁመት የሚያስበው።

አንድ ዓመት ዋዮሚንግ ውስጥ ፕሮንግሆርን (ሚዳቋ የሚመስል የሜዳ እንስሳ ነው) ለማደን ወጣሁ። የያዝኩት ከ15 እስከ 23 ሳንቲሜትር የሚረዝም አጭር ባይፖድ ነበር። 200 ሜትር ላይ አንድ ወንድ ፕሮንግሆርን ቆሟል። ተኛሁ። በባዶ ዓይኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በጠመንጃው መነጽር ግን ግራጫ የሴጅ (የሜዳ ቁጥቋጦ ነው) ቅጠል ብቻ። ቁጭ ብዬ ልሞክር ስል እግሮቹ መሬት አልነኩም። ቅጠል ውስጥ አልፎ የሚሄድ ጥይት የት እንደሚያርፍ አይታወቅምና ቃታውን አልነካሁም። እንስሳውም ሄደ።

ስለዚህ የምታድንበትን መሬት አስብ። ሣሩ አጭር ከሆነ ወይም ድንጋይ ላይ የምትተኛ ከሆነ ከ15 እስከ 23 ይበቃል። ትንሽ ቁጥቋጦ ካለ ከ23 እስከ 33 ያለው ይሻላል። ቁጭ ብለህ የምትተኩስ ከሆነ ከ34 እስከ 69 የሚደርስ አለ፣ ግን ይከብዳል፣ ሲረዝምም ይወዛወዛል።

ለሰውነትህ ልክ የሚሆነውን ቤትህ ለካ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ። ምንጣፍ ላይ ተኛና አንገትህ ሳይወጠር በመነጽሩ እስክታይ ድረስ ከጠመንጃው ፊት ሥር መጽሐፍ ደርድር። ከዚያ መጽሐፎቹን በሜትር ለካቸው።

ጥያቄ፦ ሃሪስ ወይስ አትላስ?

ሁለቱም የባይፖድ ብራንዶች ናቸው። ሃሪስ የኬንታኪ ሥራ ነው። እግሮቹ በስፕሪንግ ተስፈንጥረው ይወጣሉ፣ ፈጣን ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ችግሩ ስፕሪንጎቹ ውጭ ናቸው፣ ሣር ይይዛሉ፣ ሲዘረጋም ቀጭ ይላል። ጸጥ ባለ ጠዋት አጋዘን ይሰማዋል። አትላስ ካንሳስ ነው የሚሠራው። ስፕሪንግ ውጭ የለውም፣ እግሮቹ ወደፊትም ወደኋላም 45 ዲግሪ ላይ ይቆማሉ፣ ጠመንጃውንም ግራና ቀኝ ያዞራል። ዋጋው ግን የሃሪስን እጥፍ ገደማ ነው። ለጀማሪ ሃሪስ እላለሁ። ተራራ ለሚወጣ ደግሞ ስፓርታን የሚሠራቸው፣ በማግኔት የሚገጠሙና ከ200 ግራም በታች የሚመዝኑ የካርቦን እግሮች አሉ።

ጥያቄ፦ ወደ ጎን የሚያዘነብል የግድ ነው?

ለእኔ የግድ ነው። መሬት ሁሌ ሜዳ አይደለም፣ ባይፖዱ ሲያዘነብል ነው ጠመንጃውን ቀጥ የምታደርገው። ጠመንጃው ወደ ቀኝ ካዘነበለ ጥይቱም ወደ ቀኝና ወደ ታች ይሄዳል። 100 ሜትር ላይ ላታየው ትችላለህ፣ 600 ላይ ግን ታዝንበታለህ። ሃሪስ የምትገዛ ከሆነ የሞዴሉ ስም በ«ኤስ» የሚጀምረውን ውሰድ፣ የሚያዘነብለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስተኩስ ጠመንጃው ወደ ላይ ይዘልብኛል።

ሲሚንቶ ላይ ነሽ መሰለኝ። ጠንካራ ነገር ላይ የጎማ እግር ይነጥራል። ከሥሩ ምንጣፍ አንጥፊ። ትከሻሽን ከሰደፉ ጀርባ አድርጊና እግሮቹ ትንሽ እስኪወጠሩ ድረስ በቀስታ ወደፊት ተደገፊ። ግፊቱ በየተኩሱ እኩል ይሁን። ሰደፉ ሥር ደግሞ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት አድርጊ። ከኋላ ምንም ሳይደገፉ ውድ ባይፖድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ባይፖድ ካሰርኩ ወዲህ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ተቀየረ። ለምን?

የፊት እጀታው ስስ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ሲደገፉት ጎብጦ በርሜሉን ይነካል። ባዶውን ጠመንጃ በባይፖዱ አቁሙትና ወደፊት እየተደገፉ የአንድ ዶላር ኖት በርሜሉና በእጀታው መሃል ያስገቡ። ካልተንሸራተተ እየነካ ነው። መፍትሔው ጠንካራ እጀታ መቀየር ነው፣ ሌላ ባይፖድ መግዛት አይረዳዎትም።

ጥያቄ፦ ኤፍ-ቲአር መጀመር እፈልጋለሁ።

ጎበዝ! ኤፍ-ቲአር ተኝተው በባይፖድ የሚተኩሱበት የረጅም ርቀት የኢላማ ውድድር ነው። እዚያ ጠመንጃው ከነመነጽሩና ከነባይፖዱ ከ8.25 ኪሎ መብለጥ የለበትም፣ ስለዚህ ባይፖዱ ላይ የምትጨምረውን ከሌላ ቦታ ትቀንሳለህ። እግሮቹ በጣም ሰፊ፣ መርገጫቸው እንደ በረዶ መንሸራተቻ ጠፍጣፋ የሆነ ምረጥ፤ ጠመንጃው ወደኋላ ተንሸራቶ መልሰህ ስትገፋው እዚያው ኢላማው ላይ ይመለሳል። ለአደን ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ባሌ ላይ በፈቃድ የደጋ አጋዘን ለሚያድን እንግዳ ምን ትመክራለህ?

ባይፖዱን ቤቱ ይተወው። አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ከወገብ በላይ በሆነበት ቁልቁለት ተኝቶ የሚታይ ነገር የለም። ባለሦስት እግር የመተኮሻ ዘንግ ይዞ፣ ከመሄዱ በፊት ቆሞ መተኮስ ይለማመድበት።