«ቁሳቁሱ ነጻ ነው» ላልከኝ ልጅ

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ተናደድኩ። ያናደደኝ አንድ መስመር ነው፦ «ዋጋዬ ርካሽ ነው፤ ቁሳቁሱን በነጻ ስለማገኘው።»

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገር። ጠያቂያችን 22 ዓመቱ ነው፤ የእንጨት ሥራ ተምሮ ጨርሷል። ከጠርሙስ ቡሽ፣ ከቀርከሃ ስባሪና ከአናጺ ቤት ከሚጣል ቁርጥራጭ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎችን በእጁ ይሠራል። ዓሣ መንጠቆውን ሲነካ ውኃ ውስጥ ጥልቅ የምትለዋን ተንሳፋፊ፣ የክር መጠቅለያ፣ የመንጠቆ ሳጥን። አጥማጆች ወደውለታል። አባቱ ግን «ከቆሻሻ ኑሮ አይወጣም» ይሉታል። አጎቱ ቢሮ ሊያስቀጥሩት ቃል ገብተዋል። አንድ የቤት ዕቃ ወርክሾፕም ልቅጠርህ ብሎታል። እሱ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ሙሉ ቀኑን ለዕቃዎቹ መስጠት ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ አንተ። አንዷ ተንሳፋፊ «አንድ ሰዓት ገደማ ትፈጃለች» ብለሃል። እስቲ አብረን እንቁጠር። ቡሽ ትለቅማለህ። የተሰነጠቀውን፣ መክፈቻ በስቶ ያበላሸውን ትለያለህ። ታጥባለህ፣ ታደርቃለህ። መሀሉን ትበሳለህ፤ መሰርሰሪያው ትንሽ ከሳተ ተንሳፋፊዋ ውኃ ላይ ስለምታዘነብል ያቺ ትጣላለች። የቀርከሃዋን ዘንግ ሰክተህ በኮላ ታጣብቃለህ። ትሞርዳለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ። ቫርኒሽ ትቀባለህ፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ፣ ትደግማለህ። ጫፏን ቀይ ታደርጋለህ። ከዚያ ባልዲ ውስጥ ጥለህ ቀጥ ብላ መቆሟን ታያለህ። አንድ ሰዓት ያልከው ቢላዋ የያዝክበትን ብቻ ነው። በነጻ ያገኘኸው ቡሽ ሒሳቡን የሚያስከፍልህ በጊዜ ነው፤ አንተ ደግሞ ለጊዜህ ዜሮ ጽፈህበታል።

ይችን ስህተት በደንብ አውቃታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ወርክሾፕ ሠርቼ ስወጣ ከተረፈ ጣውላ በርጩማ እየሠራሁ መሸጥ ጀመርኩ። ጣውላው በነጻ ስለነበር በርጩማውም በርካሽ ይሄዳል። ሰው ተሻማበት። እኔ ግን ሌሊቱን ስሠራ አድሬ ወር ሲያልቅ ለቤት ኪራይ እበደራለሁ። ዋጋ ልጨምር ስል ደንበኞቼ «እንጨቱ እኮ ትራፊ ነው» አሉኝ። ለካ እንደዚያ እንዲሉ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ዓመት ተኩል ገፍቼ ዘጋሁት።

ስለዚህ ለሦስት ወር ደብተር ያዝ። የለቀምክበትን፣ ያጠብክበትን፣ የጣልካትንም ተንሳፋፊ ሳይቀር ጻፍ። አንድ በአንድ መሥራቱንም ተው፤ በደርዘን ሥራ። ቡሹን አጥብቆ የሚይዝ፣ መሀሉ የተበሳ ጣውላ አዘጋጅና አሥራ ሁለቱንም በአንድ ቁጭታ ብሳቸው። መሰርሰሪያው አይስትም፣ የሚጣለውም ይቀንሳል። ከዚያ የወርክሾፑ የሰዓት ክፍያ ስንት እንደሆነ ጠይቀህ በሰዓትህ አባዛው። የሚወጣው ቁጥር ያስደነግጥሃል። የመጀመሪያው እውነተኛ ዋጋህ እሱ ነው። ለወዳጅ ዘመድ «ለትዝታ» እያልክ የምታድላቸውንም በዚያው ዋጋ መዝግባቸው። አጎትህ አምስት ወስደዋል ብለሃል፤ አምስት ተንሳፋፊ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የአጎትን ውለታ መክፈል ሌላ፣ ቀንህን መስጠት ሌላ።

ትራፊ ዕቃ ሌላም ጣጣ አለው። አንድ ሱቅ «ልክ እንደዚህች ያለ ሃያ አምጣልኝ» ቢልህስ? የቡሽ ክብደት ከቡሽ ይለያያል። ያ ጠቆር ያለው ቁርጥራጭ እንጨት ደግሞ አልቋል። ለዚህ ነው ወርክሾፑን ግባበት የምልህ። ማሽን አለ፣ ደሞዝ አለ፣ ቁርጥራጩም በየቀኑ ከአንድ ዓይነት እንጨት ይወጣል። ከመጀመሪያው ቀን ግን ባለቤቱን አስፈቅድ፤ ሳይነግሩ የሚወስዱት ትራፊ ስሙ ሌላ ነው። ማታና ቅዳሜ የራስህ ነው። የአጎትህ ቢሮ? እጅህን እንዲህ ካሠለጠንክ በኋላ ለምን እንደምትገባበት አልታየኝም።

አባትህ «ቆሻሻ» ሲሉ ስለ ላውሪ ራፓላ ንገራቸው። ፊንላንዳዊ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 በጫማ ሠሪ ቢላዋ ከቡሽ ዓሣ ማታለያ የሚሆን የውሸት ዓሣ ቀረጸ። የቸኮሌት መጠቅለያ ብልጭልጭ አለበሰው። ቫርኒሽ ስላልነበረው የፎቶ ነጋቲቭ አቅልጦ ቀባው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ድርጅት ዕቃውን በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። ይህን ስትነግራቸው ግን ሌላውን ግማሽም አትደብቅ፦ ሰውዬው ይህን የጀመረው ዓሣ ማጥመዱን ሳይተው ነው። አባትህ ስለ ቆሻሻው ተሳስተዋል፤ ደሞዝ ያስፈልግሃል ማለታቸው ግን ልክ ነው።

አሁን የሚያስቆጣው። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ወጥ ቤት ውስጥ እያቀለጥክ ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠውን ክብደት እንደምትሠራ በጨዋታ መሀል ጣል አድርገሃል። አቁም፣ ዛሬውኑ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀልጥ ተራ ምድጃ ይበቃዋል፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይሄ ነው። ጢሱና ብናኙ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፣ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ትንንሽ ወንድሞችህ የሚበሉት እዚያው ወጥ ቤት ነው። እናትህ «አስወጣልኝ» ማለታቸው ትክክል ነው። ገበያውም ቢሆን እየሸሸው ነው፤ እንግሊዝ ስዋን የሚባሉት ትልልቅ የውኃ ወፎች እየዋጡት ስለሚሞቱ ገና እ.ኤ.አ. በ1987 ትንንሾቹን የእርሳስ ክብደቶች ከሽያጭ አግዳለች። ያረጀ የብረት ዳዶም ያሰምጣል።

ስለ ንግድ ስም ጠይቀሃል፦ አትቸኩል። ስለ ፎቶ፦ አዎ፣ ተንሳፋፊዋን ውኃ ላይ ቆማ አንሳት፣ ጠረጴዛ ላይ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ «ለራሴም ዓሣ ከውኃ ማንሻ መረብ ሠርቻለሁ» ብለሃል። ክፈፉን ከአምስት ዓይነት እንጨት በቀጫጭኑ ሰንጥቀህ፣ አርሰህ፣ ቅርጽ ላይ አጉብጠህ በኮላ ደራርበኸዋል። ከደብዳቤው ሁሉ ልቤን የያዘው ይሄ ነው፤ አንተ ግን ለሽያጭ አላሰብከውም። ተንሳፋፊ ሁሉም አንድ ዓይነት ካልሆነ ገዢ ያጉረመርማል። መረብ ላይ ግን የእንጨቱ ቀለም መለያየት ራሱ ጌጥ ነው፣ «ሃያ እንደዚህ» የሚልህም የለም። ሁለተኛውን ስትሠራ ሰዓቱን ከመጀመሪያዋ ስንጥቅ ጀምረህ መዝግብና ደብተሩን ላክልኝ።