ካሜራውን ለጊዜው አስቀምጡት

ውድ የፎቶግራፍ ተማሪዎች፣

ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት በፎቶ ነው። ሰርግ አንስቻለሁ፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ አንስቻለሁ፣ ፊልም አጥቤአለሁ። አሁን ደግሞ እንደ እናንተው ኮምፒውተር ላይ እሠራለሁ። ብዙዎቻችሁ ስታገኙኝ «ጋሼ፣ የተለየ ሥራ ለመሥራት ምን ልግዛ?» ትሉኛላችሁ። ሌንስም ሆነ ካሜራ አትግዙ። ያለችዋንም ካሜራ ለጥቂት ሳምንት አስቀምጧት።

የስልክ ፊልተር አንዴ ነካ ሲያደርጉት ፎቶውን ያስረጀዋል፣ ያደበዝዘዋል፣ ሰማያዊ ያደርገዋል። ደስ ይላል፤ አልከለክላችሁም። ግን ሌላ ሰው አስቦ የጨረሰውን ነገር ነው የምትነኩት። ብርሃን ወረቀት ላይ ምን እንደሚሠራ በገዛ እጃችሁ ስታዩት ሌላ ነገር ነው።

በሳያኖታይፕ ጀምሩ፤ በፀሐይ ብርሃን ሰማያዊ ምስል ወረቀት ላይ የሚታተምበት መንገድ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው ዘዴ ነው። በዓመቱ አና አትኪንስ የምትባል የዕፅዋት ተመራማሪ የባሕር አልጌዎችን ወረቀቱ ላይ እያስቀመጠች በፀሐይ ማተም ጀመረች። ካሜራ አላስፈለጋትም። በፎቶግራፍ የተደገፈ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተብሎ የሚቆጠረውም የእሷ ሥራ ነው። ኋላ ላይ መሐንዲሶች ለሕንፃ ፕላን ተጠቀሙበት፤ ብሉፕሪንት የምንለው እሱ ነው።

የሚያስፈልጉት ሁለት ኬሚካሎች ናቸው። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት 25 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ፖታሺየም ፌሪሲያናይድ 10 ግራም በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ። ለየብቻ በጠቆረ ጠርሙስ አስቀምጧቸው። ልትሠሩ ስትሉ እኩል እኩል ቀላቅሉና ደብዘዝ ባለ ብርሃን ወረቀት ላይ በብሩሽ ቀቡ። ጨለማ ውስጥ ይድረቅ። ጓንት አድርጉ። የተጠቀማችሁበትን ዕቃ ወደ ማዕድ ቤት አትመልሱ። ፌሪሲያናይዱን ደግሞ ከጠንካራ አሲድ ጋር ፈጽሞ አታገናኙት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

ከዚያ የደረቀው ወረቀት ላይ ቅጠል አድርጉ፣ ከፎቶ ፍሬም ላይ የወለቀ መስታወት ጫኑበትና ፀሐይ ላይ አውጡት። ሥራውን የሚሠራው ዓይን የማያየው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጨረሩ ያረፈበት፣ ውህዱ ውስጥ ያለው ብረት ይለወጥና ከፌሪሲያናይዱ ጋር ተጣምሮ ውሃ የማያጥበው ሰማያዊ ይሆናል። ቅጠሉ የከለለው ቦታ ግን በውሃ ታጥቦ ይሄዳል፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ በተባለ ቁጥር ይህ ጨረር ይበረታል። ስለዚህ ለንደን ላይ የተጻፈ የደቂቃ መመሪያ ለእኛ ሰማይ ልክ አይሆንም። የነሐሴ ደመናና የኅዳር ፀሐይም አንድ አይደሉም። የራሳችሁን ልክ ራሳችሁ አውጡ። ከተቀባው ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ፀሐይ ላይ አድርጉ፣ በካርቶን እየከለላችሁ አንዱ ክፍል 2 ደቂቃ፣ ቀጣዩ 4፣ ሌላው 6፣ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። ጀርባው ላይ በእርሳስ ወሩን፣ ሰዓቱን፣ ደመናውን ጻፉ። አንድ ጊዜ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ወረቀቱንም ሰዓቱንም ውህዱንም ባንዴ ከቀየራችሁ፣ ያማረ ነገር ቢወጣ እንኳ ደግማችሁ አታገኙትም።

አንዲት ተማሪ ከአያቷ አሮጌ ነጠላ ላይ ቁራጭ ወስዳ ሞከረችው። ጥጥ ውህዱን ጥሩ አድርጎ ይጠጣል። ላዩ ላይ ጤና አዳም አደረገች፣ ለቡናው ከጓሮ የሚቀጠፈውን። ሳፋ ውስጥ ስታጥበው ቢጫ አረንጓዴ ውሃ ይወርዳል፣ ከሥሩ ሰማያዊው ብቅ ይላል። የጤና አዳሟ ደቃቅ ቅጠሎች አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ወጡ። ጥለቱ ግን ሰማያዊውን እምቢ አለ፤ ክሩ ሰው ሠራሽ ነበር። እሷ አልተናደደችም። ሌላ ጥለት፣ ሌላ ክር እያመጣች የትኛው እንደሚጠጣ፣ የትኛው እንደማይጠጣ መዘገበች። ቀጥላ አንዱን ቁራጭ ጥቁር ቡና ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ሰማያዊው ወደ ጥቁር አዘነበለ። በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ነው ይህን የሚያደርገው። (በልብስ ሳሙና ግን አትጠቡት፣ ሰማያዊውን ይበላዋል።)

ያ ሥራ ልቤን የነካው ቴክኒኩ ስለረቀቀ አይደለም። ነጠላው፣ ጤና አዳሙ፣ ቡናው የአንድ ቤት ነገሮች ናቸው። ዘዴውና ጉዳዩ ገጥመዋል። ያንኑ ሰማያዊ ያገኛችሁት ነገር ሁሉ ላይ ብታፈሱት ግን ቶሎ ይሰለቻል። አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውን የፎቶግራፍ ባለሙያዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ተመልከቱ። የተቀቡ ፊቶች፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ፣ የታሰበበት ልብስ። ሙከራው የሚጀምረው ገና ካሜራው ሳይነሳ ነው።

የሳያኖታይፕ ኬሚካሎቹን ማግኘት ለሚከብዳችሁ፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ካሜራ ይሆናል። ውስጡን ጥቁር ቀቡት፣ በለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በመርፌ ጫፍ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ አውጡና ቁራጩን የወተት ቆርቆሮው ላይ በከፈታችሁት ሰፋ ያለ ቀዳዳ ላይ በጥቁር ናስትሮ ለጥፉት። ከቀዳዳው እስከ ፎቶ ወረቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከ40 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ድረስ ሞክሩ።

ስልክ ብቻ ያላችሁም አላችሁ። ለደመራ ማታ ስልኩን የማይነቃነቅ ነገር ላይ አስደግፉት፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ዝቅ አድርጉ፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 10 ሰከንድ አድርጉት። ችቦ ይዞ የሚያልፈው ልጅ ከፎቶው ላይ ይጠፋል፣ የችቦው መንገድ ግን መስመር ሆኖ ይቀራል። ከዚያ 5 ሰከንድ፣ ከዚያ 20 ሞክሩ። ልዩነቱን ጻፉ።

ኬሚካሉን አራት አምስት ሆናችሁ አዋጥታችሁ ግዙ፤ ትንሽ ውህድ ብዙ ወረቀት ይቀባል። የታጠበው ወረቀት ሙሉ ሰማያዊውን የሚያወጣው አንድ ቀን ያህል ሲደርቅ ስለሆነ፣ እርጥብ እያለ ፈዘዘ ብላችሁ አትጣሉት። የሙከራ ቁርጥራጮቻችሁንም ሰብስቡና አምጡልኝ። ጀርባቸው ላይ የጻፋችሁትን ማንበብ እፈልጋለሁ።